አማች አያጭድም

ዝቋላ ደርሼ መጣሁ ስል አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ «ጸበሉ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እነሱ የሚያውቁት ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበትን፣ ገዳም ያለበትን ተራራ ነው። እኔ የሄድኩት ወደ ሌላው ዝቋላ ነው፤ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ቁልቁል ወደሚወረድበት። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ብዙ አይመስለኝም። ድካሙን እኔ ጨርሼዋለሁና እናንተ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ለጉብኝት አልነበረም የሄድኩት። የባለቤቴ የፋና እናት፣ እማማ ዝማም፣ ማሽላቸው ደርሶ የሚያጭድላቸው አጡ። በአገሩ ወንፈል የሚባል ሥርዓት አለ፤ ዛሬ ሁላችን የአንተን እርሻ እናጭዳለን፣ ነገ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የእሱን። ቀን በቀን ነው የሚመለሰው። ኮሮና የመጣ ጊዜ ሰው እንዳይሰበሰብ ተባለና ወንፈሉ ተበተነ። ከተማ ወይም ዐረብ አገር ልጅ ያለው ቤት፣ ልጆቹ በስልክ ብር እየላኩለት የቀን ሠራተኛ ቀጠረ። እኛም ላክን። በሽታው ሲያልፍ ወንፈሉ ተመለሰ፤ እኛ ግን ብር መላኩን አላቆምንም፣ ቀላል ነዋ፣ አንድ ጣት ይበቃል። ዘንድሮ ለቀን ሥራ ይመጡ የነበሩት ጎረምሶች ራሳቸው አገር ለቀው ወጡ። ብሩ ደረሰ፣ ሰው ጠፋ። ወንፈሉም «እጅ ላልላከ ቤት እጅ አንልክም» አለ።

ፋና ሴት ልጅ ተገላግላ ገና አራስ ናት። እናቷ መጥተው ሊያርሷት ሲገባ፣ የዓመት ቀለባቸውን ለወፍ ጥለው መነሣት አልቻሉም። ወንድሟ ሳዑዲ ነው። የቀረው እጅ የእኔ ነበር።

የእኔ ሥራ ደግሞ ማውራት ነው። ሰው በስልኩ ምግብ አዝዞ ሲዘገይበት ደውሎ የሚቆጣው እኔን ነው። በኮሮና ጊዜ «ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ለጥቂት ቀን ቤታችሁ ግቡ» ተባልን፤ እስከ ዛሬ አልተመለስንም፤ ቢሮው አሁን የጥርስ ክሊኒክ ሆኗል። ከስማችን አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ አለች። ከበራች ሥራ ላይ ነን፣ ከጠፋች የለንም። ለአለቃዬ «ከዝቋላ ሆኜ እሠራለሁ» ብላት፣ «ኔትወርክ ካለ ለእኛ ሁሉም ቦታ አንድ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነበር።

ማክሰኞ

ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። የአውቶቡሱ ወንበር ጉልበት ላለው ሰው አልተሠራም፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴ ረጅም ነው። ኮምፒውተሬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ደሴ እስክንደርስ አንገቴ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ቀርቶ ነበር። ወልድያ ስንገባ መሽቷል፤ አልጋ ይዤ፣ ሽሮ በልቼ፣ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ። ስለ ወልድያ የምነግራችሁ ይኸው ነው፤ አላየኋትም።

ረቡዕ

ወደ ሰቆጣ የሚሄደው መኪና ሞልቶ ካልሆነ አይነሣም፤ ሞልቶም አይነሣም። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲቀይር ሁላችን ወርደን አቀበቱ ዳር ተቀመጥን። እኛ ሰፈር እንዲህ ቢሆን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያቀረቅራል፤ እዚህ ግን ኔትወርክ ስላልነበረ ሰዎች ተዋወቁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ቆሎ ዘረገፉልኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አባቴን አላወቁም። አማቴን ስጠራ ግን «የዝማም አማች!» ብለው የቀረውን ቆሎ በሙሉ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ስም አልነበረኝም፤ እስክመለስ ድረስ አማች ነበርኩ።

ሰቆጣ ስንገባ ብርዱ ጠበቀን። ባጃጅ ይዤ አንድ አልጋ ቤት ገባሁ። በራፉ ላይ በእግር እየተረገጠ ውኃ የሚወርድበት የኮሮና ጊዜ እጅ መታጠቢያ ቆሟል፤ አሁን በርሜሉ ውስጥ ከሰል ይቀመጥበታል። ባለቤቷ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። «ድሮ ከክልል ለሥልጠና የሚመጣው ሰው አልጋዬን ይሞላው ነበር፤ አሁን ስብሰባው በስክሪን ሆነና እንግዶቼ ቢሯቸው ተቀምጠው ይሠለጥናሉ» አለችኝ። እኔ ለፈረቃዬ መብራት እንደሚያስፈልገኝ ስነግራት የራሷን መኝታ ክፍል ከፈተችልኝ፤ የሚሠራው ሶኬት እዚያ ብቻ ነው። እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ፣ እኔ አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆኜ ቦሌ ያለ ሰው ስለ ዘገየ እራቱ ሲሰድበኝ አመሸሁ። ስጨርስ ማር በቂጣ አቀረበችልኝ። ነጭ ነው፣ እንደ ቅቤ የረጋ። «ይህን ሁሉ ስድብ ችለህ! ብላ» አለችኝ። ያን ዕለት ያዘነልኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ

ከሰቆጣ የተነሣሁት በአይሱዙ ጭነት ላይ ነው፤ ከጨው ከረጢት በላይ፣ ከሰማይ በታች። ወደ ዝቋላ ሲወረድ ብርዱ ይቀርና ሙቀቱ ይቀበላል። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። መንገዱ ካለቀበት ደግሞ በእግር ነው። «ቅርብ ነው» አሉኝ። በዚያ አገር ቅርብ ማለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ይደረሳል ማለት መሆኑን ማንም አላስረዳኝም። ከገበያ የሚመለስ ሰውዬ ቦርሳዬን አህያው ላይ ጭኖልኝ፣ ስንለያይ ምስጋናዬን እንኳ ሳይሰማ መንገዱን ቀጠለ።

እማማ ዝማም ከበራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አማትና አማች በዚህ አገር አንቱ ይባባላሉ። የስልሳ ዓመት ሴት ለእኔ ዝቅ ብለው «እንዴት ሰነበቱ? መንገዱ አልከበደዎትም?» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። መደቡ ላይ አዲስ ቁርበት ተነጠፈልኝ፣ እግሬን ሊያጥቡ ተነሡ፣ በግድ አስቀረኋቸው። ጾም ስለሆነ ፍየል አላረዱልኝም፤ ስለ ጾሙም ራሱ ይቅርታ ጠየቁኝ። የሕፃኗን ፎቶ በስልኬ ሳሳያቸው ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ዐይኗ የአባቷ ነው» አሉ። ደግሞ፣ «ፋናን ማን ያርሳታል?» አሉኝ። ጎረቤት አለች ብዬ ዋሸሁ። ገንፎውን የምታበላት የቀጠርናት ሠራተኛ ናት።

ዓርብ

ማልጄ ተነሥቼ እርሻውን አየሁት። ማሽላው ከእኔ ይረዝማል፣ ራሱ ከብዶት አጎንብሷል። ወፎቹ ደመና መስለው ይወርዱበታል። እማማ ዝማም ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮኻሉ፤ በዚህ በኩል ሲያባርሯቸው በዚያ በኩል ይወርዳሉ።

«እማማ፣ ማጭድ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ማጭድ የለኝም።»

ማታ ጣሪያው ሣር ውስጥ ተሰክቶ አይቼዋለሁ። ገብቼ ብፈልገው የለም።

«ማታ ነበረኮ።»

«አልነበረም» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ወፎቹ አዙረው። «ይቀመጡ። እንግዳ ነዎት።»

ልጅዎ የላከችኝ ለዚሁ ነው፣ ወንፈል ልገባ ነው የመጣሁት ብዬ ብለምን ብሠራ ከማማው አልወረዱም። በመጨረሻ ተቆጡ፤ በአንቱ መቆጣት እንዴት እንደሚያስፈራ ያን ጊዜ አወቅሁ። «ዝማም አማቿን አሳጨደች ከምባል ወፍ ይብላው! ልጄን የዳርኳት ጉልበት ልገዛባት ነው? የላኩትን ብር በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማጭድ ግን ከእጄ አይቀበሉም።»

ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር እጅ ይዤ መጥቼ እጄን የሚቀበለኝ አጣሁ። ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩና፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ።

ቅዳሜና እሑድ

ሰንበት ነው፤ ማንም ማጭድ አያነሣም። ወፍ ብቻ ነው ሰንበት የሌለው። ኔትወርክ ያለው ከመንደሩ በላይ ባለች ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ቀን ወጥቼ ፈረቃዬን ሠራሁ። ከድንጋዩ ጥግ ትንሽ ከራቅሁ ነጥቧ ትጠፋለች። ፒዛዋ የቀዘቀዘባት ሴት «የት ሆነህ ነው ነፋስ የሚነፍሰው?» ብትለኝ «ቢሮ ነኝ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው» አልኳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ እኔ ወጡ። የወንፈሉ አባት አያ ኪሮስ ናቸው፤ ተራ የሚያወጡት፣ የቀረ ሰው ቢኖር የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ቆመው በኽምጣንጋ ያወራሉ፤ ቋንቋውን አልሰማም፣ ነገር ግን ስለ እኔ መሆኑ ገብቶኛል።

«ብቻውን ያወራል፣ መንገድ ላይ ለክፎት ይሆን እያሉ ነው» አሉኝ አያ ኪሮስ። «እኔ ግን ከሚስቱ ጋር ነው ብያቸዋለሁ።»

«ሥራ ላይ ነኝ አባቴ።»

«በሰንበት?» ትንሽ አሰቡ። «ግድ የለም። ወሬ ሰንበት አይሽርም።»

ሥራዬ ሥራ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ። ትዕግሥት ያላቸው ሰው ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «እና ያ የተቆጣው ሰውዬ አንተን አያውቅህም፤ አንተም አታውቀውም። ያዘገየበትን ሰውዬም አታውቀውም» አሉ። አዎ አልኳቸው። «አይ የእናንተ ድካም!» አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነው ነበር።

ስለ እማማ ዝማም እርሻ አነሣሁባቸው። ብሩ ለምን አልበቃም ብዬም ጠየቅሁ፤ ድምፄ ትንሽ ሻከረ መሰለኝ።

«ብሩን አልጠላነውም» አሉ። «ብር ግን ከጎኔ ቆሞ አያጭድም። ወገቤን ሲይዘኝ አይዞህ አይለኝም። ዝማምን ብንተዋት ደስ ብሎን መሰለህ? ዛሬ እሷን ብንምር ነገ ሁሉም ቤት ስልኩን እየነካካ ይቀመጣል። ከዚያ የማን እጅ ነው የሚያጭደው? ሠራተኞቹም ሄዱ። በስልክ ውስጥ ያለ ብር፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

«እኮ እጄን ይዤ መጣሁ። እሳቸው ከለከሉኝ።»

«ልክ ናት። አማች ለአማቱ አያጭድም፤ ነውር ነው።» ከዘራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉና ፈገግ አሉ። «ለእኔ ግን አማቼ አይደለህም።»

ነገሩ እንዲህ ተቋጨ። ከወንፈሉ ያልታጨደው የእሳቸውና የአንድ ጎረቤታቸው እርሻ ብቻ ነው። ሰኞ የእሳቸውን፣ ማክሰኞ የጎረቤታቸውን አጭዳለሁ። ረቡዕ የእማማ ዝማም ተራ ይሆናል፤ ያን ቀን እኔ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፣ ማጭድ አልነካም። ለሌሎቹ የወንፈል ቤቶች የቀረብኝን ቀን ለከርሞ መጥቼ እመልሳለሁ፤ ዋሴ አያ ኪሮስ ናቸው።

«ለከርሞ ትመጣለህ?» አሉኝ።

እመጣለሁ አልኩ። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ባትሪው አልቆ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ

ማጨድ ከሩቅ ሲያዩት ዳንስ ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት ወገብ ነው። ወንዶቹ ተሰልፈው አገዳውን ከሥሩ እየቆረጡ ያጋድማሉ፤ ሴቶቹ ከኋላ ራሱን እየቆረጡ ይሰበስባሉ። እኔ በሰልፉ መካከል ገባሁ፤ ግራና ቀኜ ያሉት የእኔን ድርሻ እየሸራረፉ ስለሚያጭዱልኝ ወደ ኋላ እንኳ መቅረት አልቻልኩም። ማጭዱን አያያዜን አይተው ሳቁ። ከዚያ አንዱ አቆመኝና ጣቴን አስተካከለልኝ፤ እንደገና ሳቁ። ያን ያህል ሰው በአንድ ላይ የሳቀብኝ ቢሮው ሳይዘጋ በፊት ነበር፤ እንደናፈቀኝ አላውቅም ነበር።

እረፍት ላይ ጠላ በቅል፣ የማሽላ እንጀራ በሽሮ መጣ። የአማች ጉርሻ ይለያል፤ ከሁሉም እጅ ይመጣል፣ እምቢ ማለት አይቻልም። ቤታችን ፋና ክፍል ውስጥ፣ እኔ ሳሎን፣ በሁለት ሳህን ነው የምንበላው፤ ፈረቃዬ ከምሳ ጋር አይገጥምም።

ወደ ጉብታው አልወጣሁም። መውጣት አቅቶኝ ነው። ማታ እጄ ውኃ ቋጥሮ፣ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። እማማ ዝማም የት እንደዋልኩ አልጠየቁኝም፤ ያዩኝም እንዳላዩኝ ሆኑ። ግን ሁለቱንም ማታ ለብ ያለ ውኃ በጨው መደቡ ሥር ተቀምጦ አገኘሁ፤ አጠገቡ የታጠበ ጨርቅ።

ረቡዕ

መጡ። ከየአቅጣጫው፣ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እየተጠራሩ መጡ። እማማ ዝማም ከማማው ወርደው ቆሙ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሁሉንም በዐይናቸው ተቀበሉ። ያ የጠፋው ማጭዳቸው ነጠላቸው ውስጥ ነበር፤ አወጡና ለአያ ኪሮስ ልጅ ሰጡት።

እኔ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ቁርበት ተነጠፈልኝ። ሌላው ሲደክም ተቀምጦ ማየት ከማጨድ ይብሳል። ውኃ ላቀብል ብነሣ አንዱ እንስራውን ከእጄ ተቀበለና «ተው አማች፣ አታሰድበን» አለኝ። መቀመጡ ሲያቅተኝ ጉብታው ላይ ወጣሁ።

ስልኬን ስከፍተው መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው የት ነህ ይላል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የመጨረሻው ስሜ ከፈረቃው መውጣቱን፣ ኮምፒውተሩን እንድመልስ፣ ስላገለገልኩ እንደሚያመሰግኑ ይናገራል። አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

«እኔ አይደለሁምኮ ያወጣሁህ» አለችኝ፣ ያዘነች ትመስላለች። «ሲስተሙ ራሱ ነው፤ ነጥብህ ሲጠፋ ቆጥሮ ያወጣል።»

«ማጭድ ይዤ ነበር» ልላት አሰብኩና ተውኩት። የኮሮና ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያለቅስ፣ የታመመ ቤተሰቡ ጋ ምግብ አድርሱልኝ ሲል መልስ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ያን የሚያስታውስ ሲስተም የለም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ አልቅሻለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ከታች ሰልፉ ይታየኛል። ማሽላው ከአንድ ወገን እየተጋደመ፣ ሰልፉ እየገፋ፣ ባዶው መሬት እየሰፋ ይሄዳል። ድምፃቸው እስከ እኔ ይደርሳል። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የቆመ አገዳ አልነበረም። ወርጄ ተቀላቀልኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ቀኑ የእማማ ዝማም ነበር።

ማታ አያ ኪሮስ እማማ ዝማምን እንዲህ አሏቸው፦ «ክምሩን እኛ እንጠብቃለን፣ ውቂያው ይደርሳል። ሂጂ፣ የልጅ ልጅሽን እዪ።»

የመልስ ጉዞ

እማማ ዝማም ይዘው የተነሡት አንድ ቋጠሮ አዲስ ማሽላና ማር ነው። መንገዱን አልተርክላችሁም፤ ያው ነው፣ አቀበቱና ቁልቁለቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ። እሳቸው አውቶቡስ ውስጥ ከሁሉም ተዋወቁ፤ ደሴ ሳንደርስ የሾፌሩን እናት ስም ያውቁ ነበር። አዲስ አበባ ገብተን ሕፃኗን ሲያቅፉ ፋና አለቀሰች፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ቀጥታ ወደ ገንፎው ምንቸት ሄዱ።

በነጋታው ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። ልማድ ነው። ኮምፒውተሩ በካርቶን ታሽጎ የሚወስደውን ሰው ይጠብቃል።

«ዛሬ ሥራ አይገቡም?» አሉኝ እማማ ዝማም፣ ሕፃኗን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው።

ለፋና ማታ ነግሬያታለሁ። ለእሳቸው ልዋሽ አሰብኩ፤ እጄ ላይ ያለውን ቁስል ሲያዩ አየኋቸውና አልቻልኩም። «አስወጥተውኛል» አልኳቸው።

«ማን?»

«ሰው አይደለም። ማሽን ነው።»

«ለእኔ ማሽላ ብለው ነው» የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አለፈ። ከጎረቤት የሚለየንን ግድግዳ፣ መስኮቱን፣ ከታች የሚሄደውን ሰው አዩ።

«የእኔንስ አጨዱልኝ» አሉ። «እዚህ የእርስዎ ወንፈል ማን ነው?»

ስም ልጠራላቸው አሰብኩ። አብረውኝ የሚሠሩትን የማውቃቸው በነጥባቸው ነው። ከፊት ለፊታችን ባለው በር ማን እንደሚኖር፣ ከኮሮና ወዲህ ሰላም ስላልተባባልን፣ አላውቅም። ከውስጥ ሰው ሲያስል እሰማለሁ፣ ያን ብቻ።

እማማ ዝማም ሕፃኗን ለእኔ ሰጡኝ። ያመጡትን ማሽላ ቆልተውት ስለነበር ሳህን ላይ ዘገኑ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። የፊት ለፊቱን በር ሲያንኳኩ ሰማሁ። መልስ አልነበረም። ደግመው አንኳኩ።

«ጎረቤት ነን» አሉ፣ በሩ ገና ሳይከፈት።